ቀዳዳ የሌለው አረር

ብሮክን ሂል
ኦክቶበር 3 ቀን 1984

ክላሪ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ጥርስህ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ ጋዜጣ ላይ አይቼሃለሁ፤ ደህና ነህ። እኔም ያንን ገጽ እስክገልጥ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ጋዜጣውን ያመጣልኝ ዝላትኮ ነው፤ አረሮቹን ብረት ማቅለጫው ውስጥ ያፈሰሰልኝ ዝላትኮ። «ኢኒድ! የእጃችን ሥራ ጋዜጣ ላይ ወጣ!» እያለ በሩን እንኳ ሳያንኳኳ ዘው አለ። እኔም ደስ ብሎኝ መነጽሬን ፈልጌ አደረግኩ። ምሽጉ አለ፣ መድፉ አለ፣ አንተም ያንን የማይረባ የመድፈኛ ቆብህን ደፍተህ አለህ። ከፊትህ ስምንት አረሮች ተደርድረዋል። አየሁ። ደግሜ አየሁ። ዝላትኮ ፊቴን ሲያይ ሹልክ ብሎ ሻይ ሊያፈላ ገባ።

ቀዳዳዎቼ የት ሄዱ?

ምናልባት የባሕሩ ነፋስ ጭንቅላትህን አጥቦት ከሆነ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስታውስህ። «ለምሽጉ መቶኛ ዓመት የመድፉ አረሮች ያስፈልጉናል፤ ዓይን የሚያታልሉ ይሁኑ» ብለህ የለመንከኝ አንተ ነህ። ለናሙና ብለህ አሮጌውን ላክልኝ፤ ሆቴል ቤቱ እሳት ዳር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰካራም ሁሉ እግሩን ሲያሞቅበት የኖረውን እውነተኛውን አረር። እኔም እሱን ማፍሰሻ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ ቅርጹን ከነዝገቱ፣ ከነጠባሳው፣ ጠጪዎቹ ፒፓቸውን ከሚያራግፉበት ጎድጓዳ ጋር አወጣሁ። ዝላትኮ አፈሰሰ፤ ሰባት ለአንተ፣ አንድ ለእኔ ማስታወሻ። ሽማግሌዎችህ ሲያነሷቸው የምር እንዲያቃስቱ ፈልገህ ስለነበር ክብደታቸው ከአሮጌው እኩል እስኪሆን ሆዳቸውን በሙጫ በለወስኩት የጓሮዬ ቀይ አሸዋ ሞላሁት። «አሮጌውም ከእነሱ ጋር ይመሳሰል» ስላልክ እሱንም አብሬ ጥቁር ቀባሁት።

ከዚያ በሰባቱ አምሳያዎች ጎን ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በሳሁ። ይህ የኔ አመል አይደለም፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ የሚያከብረው ሕግ ነው። ቀዳዳ ያለው ባዶ ነው። ቀዳዳ የሌለው የጎረሰ ነው ብለህ ትነሳለህ፤ ሳይሆን ከቀረ ተመስገን ትላለህ።

አሮጌውን ለብቻው ሣጥን ውስጥ አድርጌ ክዳኑ ላይ በትልቁ ጻፍኩበት፦ «የአፍንጫው መክደኛ ተፈትቶ አያውቅም፤ ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል። የሠራዊቱ ፈንጂ አምካኞች ሳያዩት እንዳታወጣው።» በጁላይ «አስመርምሬዋለሁ፣ አታስቢ» ብለህ መለስክልኝ። እኔ ጅሏ አመንኩህ።

ማነው የመረመረው? ስሙን ጻፍልኝ። ቀዳዳዎቼን የደፈነው ማነው? ከስምንቱ አሮጌው የትኛው ነው? የምፈልገው አጭር መልስ ነው። ስለ አየሩ እንዳትነግረኝ።

እህትህ ኢኒድ


ፖርት ካርዊን
ኦክቶበር 9

ለተወደድሽው እትዬ ኢኒድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? እኛ ጋ ነፋሱ ሳምንቱን ሙሉ ፋታ አልሰጠንም፤ የባንዲራ ክፍሉን ጣሪያ ግማሹን ገንጥሎ ይዞት ሄደ። የባሕር ወፎቹ ተመልሰው ገደሉን ሞልተውታል፤ ጩኸታቸው ሰው አያስተኛም። ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው። አየሩን እንዳልነግርሽ ብለሻል ለካ። ይቅርታ፣ እጄ ለምዶ ነው።

ስለ ቀዳዳዎቹ። እትዬ፣ እዚህ ሆነሽ ብታዪው ኖሮ አንቺው ራስሽ ትደፍኛቸው ነበር። ልጆች ማስቲካ ይለጥፉባቸዋል፣ አጫሾች የሲጋራ ቁራጭ ይከቱባቸዋል። አንድ ከሜልበርን የመጣ ሰውዬማ ሚስቱን ጠርቶ «ነይ እዪ፣ እነዚህ ሰዎች ዋሽንት ነው የሚተኩሱት!» ብሎ ያን ሁሉ ሕዝብ አሳቀብን። ምሽጉን አብሮኝ የሚያስጎበኘው መርቭ ተናዶ በዚያው ቀን ሱቅ ሄዶ ስቱኮ ገዛ። ደፈናቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳቸው፣ ስምንቱንም አንድ ላይ ደርድሮ እንደገና ቀባቸው። ሲያምሩ ብታዪ!

አሮጌውም አብሯቸው አለ። የመረመረው መርቭ ነው። መርቭ ሠራዊቱ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና «ባዶ ነው» አለ። ደግሞስ ሃምሳ ዓመት እሳት ዳር ተቀምጦ ዝም ያለ ነገር ዛሬ ምን ሊል ነው?

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ምሽጉን ሞቴል ልሥራበት ለሚል ሰው ሊሰጠው እያሰበ ነው። ኖቬምበር 17 በዓሉ ካማረ ለእኛ ሊተዉልን ተስማምተዋል፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ቁልፉን ይቀበሉኛል። እትዬ፣ ባለቤቴ ጆይ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እባክሽ ነገሩን አታካብጂው። ይልቅ ነይና በዓሉን አብረን እናክብር፤ አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ክላሪ


ብሮክን ሂል
ኦክቶበር 13

ክላሪ፣

መርቭ ወጥ ሠሪ ነበር!

የጆይ ቀብር ላይ ሳንድዊች አፉ ውስጥ ሞልቶ ራሱ ነግሮኛል። ሠራዊቱ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው ድንች ሲልጥና የበግ ሥጋ ሲቀቅል ነው። በእጁ የነካው አደገኛ ነገር ቢኖር የገዛ ቅቅሉ ነው። አንተም ባሩድ ሊኖርበት የሚችል አረር ለወጥ ሠሪ ሰጥተህ፣ እሱም በመዶሻ ቀጥቅጦት፣ ከዚያ ለእኔ «አስመርምሬዋለሁ፣ አታስቢ» ብለህ ጻፍክ! በመዶሻ! ጤና የለህም እንዴ? ደሜ ከመፍላቱ የተነሳ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል፤ ይኸው ታየዋለህ።

«ሃምሳ ዓመት ዝም ብሏል» ትለኛለህ። ዝም ያለው የሚቀጠቅጠው ጅል ስላላገኘ ነው። ባሩድ ውሃ ካልገባበት አያረጅም፣ ክላሪ። እኔና አንተ አርጅተናል እንጂ እሱ ዛሬም ጎረምሳ ነው።

ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የጻፍከው አንጀቴን በልቶታል፤ አልዋሽህም። ጆይ ከሄደች ወዲህ እንዴት እንደሆንክ የማላውቅ አይምሰልህ። ያንን ቆብ ደፍተህ ስትቆም ብቻ ነው ፊትህ የሚፈታው። ግን እስቲ የበዓሉን ቀን አስበው። ሽማግሌዎችህ ያንን አረር አንስተው መድፉ አፍ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ በመጎስጎሻው እንጨት «አንድ፣ ሁለት!» እያሉ ይወቁታል። ከገመዱ ወዲያ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ያያሉ። አንተ ደግሞ ከሁሉም ቀርበህ መድፉ አፍ ሥር ነህ፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው የምትቆመው። አሰብከው? እኔ ካሰብኩት ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

የምታደርገው ይኸ ነው። ዛሬውኑ አሮጌውን ከመካከላቸው አውጣ፣ ሰው የማይደርስበት ክፍል ቆልፍበት፣ ፖሊስ ጥራ። ብቻ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ እንዳትለኝ። እኔ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እለየዋለሁ።

ስለ አልጋው አመሰግናለሁ። አሮጌው እዚያ እያለ ግን እግሬን አላነሳም።

ኢኒድ


ፖርት ካርዊን
ኦክቶበር 19

ለእትዬ ኢኒድ፣

መርቭን እንደዚያ መስደብሽ አግባብ አይደለም። ደብዳቤሽን ጠረጴዛ ላይ ትቼው አንብቦታል፤ ተቀይሞ ሁለት ቀን ምሽጉ ድርሽ አላለም። ያንን ቅቅል ደግሞ አንቺም ቀብሩ ላይ ደግመሽ በልተሻል፤ አይቼሻለሁ።

ይሁን። እውነቱን ልንገርሽና ይውጣልሽ፤ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል። ደርድሮ ሲቀባቸው ተደበላለቁ። ክብደታቸው አንድ፣ ጠባሳቸው አንድ፣ የፒፓው ጎድጓዳ ሳይቀር አንድ። ማግኔት ብንሞክር ሁሉም ብረት ናቸው። መርቭ ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሳቸው፤ እሱም አልለያቸውም። ማን እንደዚህ አድርገሽ ሥሪ አለሽ? ጥፋቱ የእጅሽ ነው ማለቴ አይደለም። ኧረ ማለቴ ነው፣ ትንሽ።

ፖሊስ ግን አልጠራም። ዛሬ ብጠራ ነገ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰማል፤ ከዚያ በዓልም የለ፣ ምሽግም የለ። እጃችንን አጣጥፈን ግን አልተቀመጥንም። መርቭ ጥሩ ዘዴ አምጥቷል። ከወንድሙ ልጅ ጋራዥ ትራፓኖ ተውሷል፣ ረጅም መብሻ ያለው። እያንዳንዱን ከሥሩ ትንሽ ብቻ እንበሳዋለን። ቀይ አሸዋ ከወጣ ያንቺ ነው። ጥቁር ዱቄት ከወጣ እሱ አሮጌው ነው፤ ወዲያው አቁመን ውሃ እንሞላበታለን። ባልዲው ሳይቀር ተዘጋጅቷል። የመርቭ ወገብ እስኪሻለው ነው የምንጠብቀው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እንጀምራለን። አየሽ፣ አንቺ እንደምታስቢን ጅሎች አይደለንም።

አልጋሽ አሁንም እንደተነጠፈ ነው።

ክላሪ


ብሮክን ሂል
ኦክቶበር 23

ክላሪ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ በፊት ሰዎች ይደርሱብሃል። የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ያንተን አንብቤ እንደጨረስኩ በቤት ነጠላ ጫማዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀመጠው አንድ ጎረምሳ ነው። «የማን አረር ነው፣ እማማ?» አለኝ፣ በትዕግሥት፣ ለአእምሮ በሽተኛ እንደሚናገር ሰው። «የወንድሜ! ሊፈነዳበት ነው!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው ቡናው ተደፋ። ያንተን ስም፣ የመርቭን ስም፣ የምሽጉን ስም፣ ትራፓኖውን፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እዚያው ፊቴ ወደ እናንተ ጣቢያ ደወለ። ደውሎ እስኪጨርስ አልተነሳሁም።

ስማኝ። ትራፓኖ ሲሽከረከር ብረቱ ይግላል። ባሩድ ነበልባል አይፈልግም፤ የጋለ ብረት ይበቃዋል። ጥቁሩን ዱቄት አታየውም። ባልዲህን አታነሳውም። በዚህ ሥራ ካለቁት ሰዎች ብዙዎቹ ያለቁት እንዲህ ነው፤ መብሻ ይዘው፣ «ትንሽ ብቻ» ብለው። ቀለሙን በእጃችሁ ብትፍቁት እኮ መርቭ የደፈነው ስቱኮ ይታያችሁ ነበር! ስቱኮ የሌለው አሮጌው ነው! ይህ እንኳ አልታያችሁም? ሁለት ሰዎች ቁጭ ብላችሁ መክራችሁ፣ ትራፓኖ?

ምሽጉን እንደሚወስዱብህ አውቃለሁ። አውቄ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ በአንተ እየተናደድኩ፣ አንተን እየተራገምኩ። አንተን ጆይ ጎን ከምቀብር ምሽግህ ቢዘጋ ይሻለኛል። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም። ከፈለግህ ጥላኝ።

ኢኒድ


ቴሌግራም
ከፖርት ካርዊን፣ ኦክቶበር 30

ኢኒድ። እውነተኛው አረር አንቺ ቤት ነው ያለው። አትንኪው። አሁኑኑ ከቤት ውጪ። ፖሊስ እየመጣ ነው፤ እንዳትጨቃጨቂያቸው። ውጪ መሆንሽን መልሺልኝ። ክላሪ


ፖርት ካርዊን
ኦክቶበር 30

ኢኒድ፣

ዛሬ እትዬ አልልሽም።

ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት ተቀምጬ ነው። መልስ ሳይመጣ አልነሳም ብያቸዋለሁ። ፖሊሶቹ ወደናንተ ደውለዋል፤ ግን አንቺን አውቅሻለሁ፣ ፖሊስ ስላለሽ ብቻ ከቤትሽ የምትወጪ ሴት አይደለሽም። እስከዚያ እጄ ሥራ ይያዝ ብዬ ያደረግሽኝን ልጻፍልሽ።

ሐሙስ መጡ። ጎብኚዎች ቆመው እያዩ በሩን በሰንሰለት አሰሩት። የያዝኩትን ሻይ እንኳ አልጨረስኩም። ትናንት የሠራዊቱ ሰዎች ደረሱ፤ አረሮቹን አንድ በአንድ ፋቋቸው። ሰባቱ ላይ ስቱኮ ተገኘ፣ አንዱ ላይ የለም። «አሮጌው ይኸው ነው» አሉ። ዛሬ ጠዋት ያንን አንዱን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ባሕር ዳር አወረዱት። የአሸዋ ከረጢት ከመሩበት። ከተማው በሙሉ መንገዱ ላይ ወጥቶ ያያል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሊቀመንበርም አለ። መርቭ እጄን ይዞኛል። ከዚያ አፈነዱት።

ጢሱ ሲገለጥ ወረድን። ነጩ አሸዋችን ላይ ቀይ አሸዋ ተበትኗል።

ቀይ! የጓሮሽ አሸዋ! መቶ አለቃው ቁራጭ ብረት አንስቶ ስብራቱን አየና «ይህ አዲስ ብረት ነው፤ ዓመትም አልሞላው» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚያ የተሳቀብኝ ቀን የለም። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለኝ። በዓሉ ቀርቷል። የሞቴሉ ሰውዬ እዚያው ቆሞ ነበር።

ከዚያ ነው የገባኝ። ስምንተኛውን ለራስሽ አስቀርተሻል። እሱን በሳሽው፣ ኢኒድ? አልበሳሽውም፣ አይደል? «ቀዳዳ የሌለው የጎረሰ ነው» እያልሽ የምትጮሂብኝ አንቺ! የራስሽን ናሙና ሳትበሺ አስቀምጠሽ፣ ከአሮጌው ጋር አንድ ቀን ቀብተሽ፣ ተሳስተሽ የላክሽልኝ እሱን ነው። አሸዋ ነው የላክሽልኝ። በአሸዋ ምክንያት ፖሊስ ላክሽብኝ። በአንድ ባልዲ አሸዋ ምሽጌን ወሰድሽብኝ! እውነተኛውን ግን እዚያ ቤትሽ ውስጥ

ልጅቷ ከመስኮቱ ጠራችኝ። መልስ መጥቷል። «ኢኒድ ውጪ ናት፤ ፖሊሶቹን እየሰደበች ነው» ይላል። ዝላትኮ ነው የላከው።

ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ሊዘጋ ነው ብላኝ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችኝ።

በጣም ተቆጥቻለሁ። ይህን እወቂልኝ።

ክላሪ


ብሮክን ሂል
ኖቬምበር 6

ክላሪ፣

አልበሳሁትም።

በገዛ ቤቴ ማን ይሳሳታል ብዬ ነው። ሁለቱን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀባኋቸው፤ አንድ ሳንቃ ላይ እንዲደርቁ አስቀመጥኳቸው። ዝላትኮ ምሳ ጠራኝ። በልቼ፣ ተጫውቼ ተመለስኩና አንዱን አንስቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አላመነታሁም። ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ ስልህ የነበርኩ ሴትዮ ዓይኔን ገልጬ አልለየሁትም።

ሌላኛውን የት እንዳስቀመጥኩት ልንገርህ። ብረት የማስርበት ሞርሳ አጠገብ፣ ጉቶ ላይ። መደብደቢያ አድርጌው ነበር። መዳብ እቀጠቅጥበት ነበር፣ ክላሪ። ከጁን ጀምሮ። መርቭን በመዶሻ ነካው ብዬ ስሰድበው፣ ያንን ደብዳቤ ጽፌ እንደጨረስኩ ሄጄ እኔው በመዶሻ ደበደብኩት። ቴሌግራምህ ሲመጣም መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ለፖስተኛው «ቆይ ይቺን ልጨርስ» ብዬዋለሁ።

ፖሊሶቹን ተሳድቤያለሁ፤ እውነት ነው። «የኔ አረር አሸዋ ነው፣ ወንድሜ አእምሮውን ስቷል» አልኳቸው። ሠፈሩን ሁሉ አስወጡት። ዝላትኮ ድስቱን ታቅፎ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። የሠራዊቱ ሰዎች ወሰዱት፤ ከማዕድን ማውጫው የአፈር ክምር ጀርባ አፈነዱት። ድምፁን ሰማሁት። የመንገዱ መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ውሾቹ እስከ ማታ አልወጡም። አንዱ ወታደር ተመልሶ «እስከ አንገቱ የጎረሰ ነበር» አለኝ። ዝላትኮ እጄን ያዘኝ፤ ድስቱ ከጭኑ ወደቀ።

በማን ልቆጣ? አንተን ልቆጣ ብዬ እጀምርና አፌ ውስጥ ይደርቃል። በራሴ መቆጣት አልለመድኩም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ሳልናገረው ብቀር እፈነዳለሁ። በጁላይ እንዳልኩህ ለሠራዊቱ አሳይተኸው ቢሆን ኖሮ «ይህ እኮ አዲስ ብረት ነው» ብለው በጸጥታ ይነግሩህ ነበር። ሳቅ የለ፣ ሊቀመንበር የለ። እኔም ስሰማ ቤቴን እፈትሽ ነበር። ጥፋቴ የኔ ነው፤ ውሸትህ ግን ያንተ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ኖቬምበር 19 ስለ ምሽጉ እንደሚሰበሰብ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። በአውቶቡስ እመጣለሁ። ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ። አልጋውን ግን ተወው፤ ሆቴል እይዛለሁ።

ኢኒድ


ብሮክን ሂል
ኖቬምበር 27

ክላሪ፣

ከተመለስኩ ሳምንት ሊሆን ነው። ከአንተ የመጣው አንድ ካርድ ብቻ ነው፣ አንድ ጥያቄ ያለበት። ሰላምታ እንኳ የለውም። እመልስልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያለኝን ልበልህ።

አዳራሹ ፊት ቆሜ «ወንድሜ ያልተበሳውን አልደበቀባችሁም፤ ሳልበሳ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። ከኋላ «ዋሽንት ሠሪዋ!» የሚል ሰው ነበር። ከዚያ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? መርቭ! ያ እንደዚያ የሰደብኩት መርቭ፣ ወገቡን ይዞ ተነስቶ «ቀዳዳዎቹን የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ መረመርኩ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋን ተዋት» አለ። ሲወጣ እጁን ጨበጥኩት። ቅቅሉ መጥፎ አልነበረም አልኩት፤ ሁለታችንም ዓይናችን እንባ ሞላ።

አንተ ግን ከመጀመሪያው ወንበር ላይ ቆብህን ጭንህ ላይ አድርገህ ዝም አልክ። «አስመርምሬዋለሁ» ብዬ ዋሽቼአታለሁ ማለት እንዴት አቃተህ? እንደማይሰሙን እኔም አውቅ ነበር፤ በሩን እንደቆለፉት ይቀራሉ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያጉረመርምብኝ ለብቻዬ አቆምከኝ። አውቶቡስ ተራም አልመጣህም። ሾፌሩን ትንሽ ቆይ ብዬ ለምኜው ነበር። በንዴት ቆዳዬ እስኪቃጠል እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ።

አሁን ጥያቄህ። «አሸዋ መሆኑን ብታውቂ ኖሮ ፖሊስ ጣቢያ ትሄጂ ነበር?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አላውቅም ነበር! የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜ ትራፓኖ ይዞ ቆሟል። ያ ጠዋት እንደገና ቢመጣና ያው ደብዳቤ እጄ ላይ ቢሆን እንደገና እሄዳለሁ። በነጠላ ጫማዬ እሄዳለሁ። ምሽጉን አይደለም ከተማውን በሙሉ ቢዘጉት እሄዳለሁ። ለዚህ መልስ አንድ ሳምንት ያሰብኩበት እንዳይመስልህ፤ ካርድህን እንዳነበብኩ ነው ያወቅሁት። የዘገየሁት ሳልሰድብህ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ጠዋት የምትሄድበትን ቦታ ወስጄብሃለሁ። አውቃለሁ። የሞቴሉ ሰዎች ሜትር ይዘው ግቢውን ሲለኩ መርቭ እንዳያቸው ጽፎልኛል፤ አንተም ከመንገዱ ማዶ ቆመህ ታይ እንደነበር ነግሮኛል። ያንን ሳነብ መዶሻዬን ወርውሬ መስኮት ሰበርኩ። የምክስህ ነገር የለኝም። ሌላ አረር ልሥራልህ አልልህም፤ ከእንግዲህ አልሠራም።

ግን እዚያ መንገድ ማዶ የቆምከው አንተ ነህ፣ ክላሪ። በሁለት እግርህ። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ስለዚህ ተቆጣኝ። የፈለግከውን ያህል ዓመት ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው። ዝም ብቻ አትበለኝ። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ።

እህትህ ኢኒድ